ከትልልቆቹ ፕላትፎርሞች ለመውጣት ላሰባችሁ፦ ማስቶዶን፣ ብሉስካይ፣ ኖስተር፣ ማትሪክስ ወይስ የራስ ዶሜይን?

"ማስቶዶን ይሻላል ብሉስካይ? ኖስተር የሚሉትስ ነገር እንዴት ነው? ግሩፓችንን ከዚህ አውጥተን የት እናድርገው?" ይሄን ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። እዚህ ከምጠቅሳቸው አብዛኞቹን ራሴ ተጠቅሜባቸዋለሁ፣ ገሚሶቹን ለዓመታት ገሚሶቹን ለተወሰነ ወር፣ አንድ ትንሽ ሰርቨር ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ሆኜ አስተዳድራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚከነክነኝ መጀመሪያ ልንገራችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ስምንት ዓመት የለፋንበት አንድ የንባብ ግሩፕ ነበረን፣ አንድ ትልቅ ፕላትፎርም ላይ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የለም። "ደንብ ጥሳችኋል" የሚል መልዕክት ብቻ፣ የቱን ደንብ፣ የትኛው ፖስት ላይ፣ ማን ከሶን፣ ምንም የለም። የአቤቱታ ፎርም አለ፣ ሞላሁት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። በድጋሚ ሞላሁት፣ ፊደል በፊደል ያው መልስ መጣ። ከዛ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ፖስቶቹ አይደሉም ሰዎቹ ናቸው፣ ምክንያቱም ማን ማን እንደነበረ ሊስት እንኳ አልያዝንም፣ ግማሾቹን የማውቃቸው እዛ ግሩፕ ውስጥ በሚጠሩበት ቅጽል ስም ነበር፣ ዛሬ መንገድ ላይ ብንገናኝ አንተዋወቅም።

ከዛ ወዲህ ማንኛውንም ሰርቪስ የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው። ስሜ በማን እጅ ነው፣ ማለትም ሰው እኔን የሚያገኝበትን አድራሻ ማን ሊነጥቀኝ ይችላል? የጻፍኩት ነገር የት ነው የተቀመጠው፣ ኮፒውስ እኔ ጋር አለ ወይ? ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ፣ ይሄን ሁሉ የያዘልኝ አካል ነገ ቢዘጋ ወይ ቢሸጥ ወይ ቢጣላኝ ሰዎቼን ይዤ በየት በኩል ነው የምወጣው? "ያልተማከለ" (በአንድ ድርጅት እጅ ብቻ ያልተያዘ) የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ሁሉም ያልተማከለ ነኝ ይላል፣ ስለዚ ቃሉን ተዉትና በሩን ፈልጉ።

ትልልቆቹ ጋር የሦስቱም መልስ አንድ ነው፣ ስሙም ዕቃውም በሩም የኩባንያው። "ዳታህን አውርድ" የምትል በተን አለች፣ አዎ፣ ግን ነገሩ እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው ነው፣ የሚሰጧችሁን ትልቅ ዚፕ ፋይል ወስዳችሁ የምትከፍቱበት ሌላ ቤት የለም፣ ወዳጆቻችሁም ውስጡ ስማቸው ብቻ ነው ያለው። ሁሉም ነገር አንድ ቦታ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ላይ ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር፣ ማንም አጥቅቷቸው አይደለም፣ በጥገና ሰዓት በስህተት የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ ዳታ ሴንተሮቻቸውን የሚያገናኘውን መስመር ቆረጠው፣ ከዛ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቻቸው (የሳይት ስምን ወደ ማሽን አድራሻ የሚተረጉሙት) መንገድ ከዓለም ራውተሮች ላይ ተሰረዘ፣ አለቀ።

በአንጻሩ ኢሜይልን እዩት። በ1982 በወጣ ደንብ ላይ ቆሞ እስከ ዛሬ የአንዱ ድርጅት ሰው ለሌላው ድርጅት ሰው ይጽፋል፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቀጥላል። ዌብም እንደዛው ነው፣ ዌብ የተፈጠረበት የምርምር ማዕከል ሰርን ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሶፍትዌሩን ለሕዝብ በነጻ ባይለቀው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነገር ነበር። ያልተማከለ ኢንተርኔት አዲስ ህልም አይደለም ለማለት ነው፣ መጀመሪያውኑ እንደዛ ነበር፣ ከላይ ነው የታጠረው።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

ማስቶዶንና ፌዲቨርስ

ማስቶዶንን፣ እንደ ትዊተር አጫጭር ጽሁፍ የሚለጠፍበትን ሶፍትዌር፣ ኦይገን ሮችኮ የሚባል ጀርመን ያለ ፕሮግራመር በ2016 ነው የለቀቀው። አንድ ድርጅት የሚይዘው አንድ ሳይት አይደለም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ናቸው፣ እያንዳንዱን የሆነ ሰው ወይ ማኅበር ወይ ዩኒቨርሲቲ ያስተዳድረዋል፣ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት አክቲቪቲፐብ በሚባል ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ነው፣ እሱን የዌብ ደንቦችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ ጃንዋሪ 2018 ላይ በይፋ ስታንዳርድ አድርጎታል። ኢሜይልን ካወቃችሁ ገብቷችኋል፣ አድራሻችሁ ስማችሁና የሰርቨሩ ስም ነው። ያንኑ ፕሮቶኮል ለፎቶ ፒክሰልፌድ፣ ለቪዲዮ ፒርትዩብ፣ ለውይይት መድረክ ሌሚ ይጠቀሙበታል፣ አንድ ላይ ፌዲቨርስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፣ በማስቶዶን አካውንቴ የፒርትዩብ ቻናል ፎሎው ማድረግ እችላለሁ፣ ኮሜንቴም እዛው ቪዲዮው ስር ይወጣል። የሜታው ትሬድስም በከፊል ገብቶበታል፣ አንዳንድ ሰርቨሮች ግን ዘግተውታል፣ ይሄ መብታቸው ነው።

የመውጫ በሩን በዓይኔ ያየሁት ግን እዚህ ነው፣ ስለዚ ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያ ሰርቨሬ አስተዳዳሪ አንድ ቀን "ደክሞኛል፣ ከሦስት ወር በኋላ እዘጋዋለሁ" ብሎ ጻፈ። አልተቀየምኩትም፣ ለዓመታት ከኪሱ እየከፈለ ነው የያዘን። አዲስ ሰርቨር ላይ አካውንት ከፈትኩ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የድሮ አድራሻዬን "ይሄም እኔ ነኝ" ብዬ አስመዘገብኩ፣ ከዛ ወደ ድሮው ተመልሼ "ወደዚህ ተዛውሬያለሁ" የሚለውን ሞላሁ፣ ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ አስገባሁና ተጫንኩት። አዲሱን ፔጅ ከፍቼ የፎሎወር ቁጥሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ዜሮ። ሪፍሬሽ አደረግኩ፣ 14። ትንሽ ቆይቼ ሳየው 90 ምናምን። ማታ ላይ ከ340 ሰው 310 ገደማው አዲሱ ቤት ደርሷል፣ አንዳቸውም ምንም ሳይነኩ፣ ብዙዎቹ መዛወሬንም አላወቁም። ያ የንባብ ግሩፕ በሄደ ሰሞን ይሄን የሚመስል ነገር መኖሩን ባውቅ ኖሮ ብዬ የምር ልቤ ተሰብሮ ነበር።

ግን ጉድለቱንም ልብ በሉ። የድሮ ፖስቶቼ አብረውኝ አልመጡም፣ ኮፒያቸውን አውርጄ መያዝ እችላለሁ እንጂ አዲሱ ፔጅ ላይ አይወጡም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝውውሩ የሚሰራው የድሮው ሰርቨር በሕይወት እያለ ነው። አስተዳዳሪው ሳይናገር ድንገት ቢያጠፋው ኖሮ ከዜሮ እጀምር ነበር። ስለዚ ማስቶዶንን ስትመርጡ የምትመርጡት ሶፍትዌሩን አይደለም፣ የሚያስተዳድረውን ሰው ነው። ስለ ሰርቨሩ የሚለውን ገጽ አንብቡ፣ አስተዳዳሪው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት ሦስት፣ ወጪው በምን ነው የሚሸፈነው፣ ከመዝጋቱ በፊት የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ቃል ገብቷል ወይ (የማስቶዶን ድርጅት በራሱ ሳይት ላይ የሚዘረዝራቸው ሰርቨሮች ይሄን ቃል የገቡ ናቸው)። የዶሜይኑን (የሳይቱን ስም) ቅጥያም፣ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን፣ እዩ፣ የአገር ቅጥያ ከሆነ የዛ አገር መንግሥት ነው ጌታው። በ2024 መጀመሪያ በአፍጋኒስታን ቅጥያ የተመዘገበ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር ታሊባን ዶሜይኑን ስላገደው ከነተጠቃሚዎቹ ስሙን አጥቷል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እዛ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የምትልኩት መልዕክት በኢንክሪፕሽን የተቆለፈ አይደለም፣ አስተዳዳሪው ከፈለገ ያነበዋል። ሚስጥር አትጻፉበት።

ብሉስካይ

ይሄም ትዊተርን የሚመስል ነው፣ በ2019 ትዊተር ውስጥ በፕሮጀክትነት ታስቦ በኋላ ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነ ነው፣ ለሁሉም የተከፈተው ፌብሩዋሪ 2024 ላይ። ለመጀመር ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው፣ ሰርቨር ምረጥ አይላችሁም፣ ገብታችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሰውም አለበት። ንድፉ ደግሞ የምር ጥሩ ነው። መታወቂያችሁ ከሰርቨሩ ተለይቶ የተሰራ ስለሆነ ዕቃችሁን የያዘውን ሰርቨር ብትቀይሩ ፎሎወርም ፖስትም አብሮ ይሄዳል፣ ማስቶዶን ላይ የጎደለው ይሄ ነው። ዶሜይን ካላችሁ ደግሞ እሱኑ ስማችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፣ የዲኤንኤስ መዝገባችሁ ላይ አንድ መስመር ጽሁፍ መጨመር ነው፣ እኔ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ፣ አንድ ድርጅት ወይ ጋዜጠኛ የምር እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ወረቀት ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው መለያየቱ ነው። አብዛኛው ሰው ዕቃው ያለው ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው አፕም የኩባንያው ነው፣ ፖስቶችን ሁሉ የሚሰበስበውን ከባዱን ክፍል ለብቻ ማስኬድ ለአንድ ተራ ሰው ቀላል አይደለም። በሩ አለ፣ ተሰርቷል፣ ያለፈበት ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ አምናቸዋለሁ ወይ ብትሉኝ የሚሰሩትን ሰዎች አምናለሁ፣ ኩባንያ ግን ይሸጣል፣ ትዊተርም ኦክቶበር 2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ተሽጦ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ስለዚ ብሉስካይ ከገባችሁ ከመጀመሪያው ቀን በራሳችሁ ዶሜይን ስም ግቡ፣ የዕቃችሁን ኮፒም በየጊዜው አውርዱ።

ኖስተር

ኖስተርም በአደባባይ የሚጻፍበት ፕሮቶኮል ነው፣ በ2020 ፊያትጃፍ በሚል ስም በሚጽፍ ሰው የተጀመረ። እዚህ አካውንት የሚባል ነገር የለም። ሁለት ቁልፍ (ረጃጅም የፊደልና የቁጥር ኮድ) ይሰጣችኋል፣ አንዱ ለሰው የምትሰጡት፣ አንዱ ለማንም የማታሳዩት፣ በሚስጥሩ ቁልፍ እየፈረማችሁ ሪሌ ለሚባሉ ሰርቨሮች ትልካላችሁ፣ አንድ ሪሌ ቢያግዳችሁ በሌሎቹ ትቀጥላላችሁ። በሦስቱ ጥያቄ ካየነው ስማችሁን ማንም ሊነጥቃችሁ አይችልም፣ በዚህ ከሁሉም ይበልጣል።

የዛኑ ያህል ደግሞ ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም። "ፓስወርድ ረሳሁ" የሚባል ሊንክ የለም። የማውቀው ልጅ ቁልፉን ስልኩ ኖት ላይ ብቻ አስቀምጦት ስልኩ ተሰረቀ፣ የሁለት ዓመት ስሙን ውሃ በላው። ከሱ የባሰው ደግሞ የሰረቀው ሰው ቁልፉን ቢያገኘው በሱ ስም እየፈረመ ሊጽፍ ይችላል፣ ቁልፉን ለመሻር ሁሉም የሚቀበለው መንገድ ስለሌለ ለወዳጆቹ "ያ እኔ አይደለሁም" ብሎ በየቦታው ከመናገር ውጪ ምንም ማድረግ አይችልም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፎ ሁለት ቦታ የሚያስቀምጥ ጠንቃቃ ሰው ከሆናችሁ፣ በተለይ የምትጽፉት ነገር እንዳይዘጋ የምትሰጉ ከሆነ፣ ኖስተር ጥሩ ነው። ለእናታችሁ ወይ ለሃምሳ ሰው ግሩፕ ግን አልመክርም፣ ከሃምሳው አንዱ በየወሩ ቁልፉን ይጥላል።

ለግሩፕ ወሬ፦ ማትሪክስ፣ ኤክስኤምፒፒ ወይስ ሲግናል?

እስካሁን ያልኩት በአደባባይ ለመጻፍ ነው፣ ብዙ ሰው የሚፈልገው ግን የሚያወራበት ግሩፕ ነው።

ማትሪክስ ከ2014 ጀምሮ ያለ የወሬ ፕሮቶኮል ነው፣ የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቻፕ የሚባለውን አፕ የሰራው በሱ ላይ ነው፣ የጀርመን ጦርም የራሱን ሜሴንጀር እንደዛው። የወደድኩት ነገር አንድ ሩም (የወሬ ግሩፕ) የአንድ ሰርቨር ንብረት አለመሆኑ ነው፣ ከሦስት ሰርቨር የመጡ ሰዎች አንድ ሩም ውስጥ ካሉ ሦስቱም ሰርቨሮች ኮፒ አላቸው፣ አንዱ ቢጠፋ በሁለቱ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ያ የንባብ ግሩፓችን እንደዚ ቢሰራ ኖሮ ማንም በአንድ ጠዋት አያጠፋውም ነበር። የግል ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው (ከሚያወሩት ሰዎች በቀር ማንም አያነበውም)፣ ሰርቨሩ ግን ማን ከማን ጋር መቼ እንዳወራ ያያል። የሚያስቸግረው የቁልፍ ነገሩ ነው፣ አዲስ ስልክ ላይ ስትገቡ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ካላስቀመጣችሁ የድሮው ወሬ "መክፈት አልተቻለም" እያለ ይቀራል፣ አዲስ ሰው ባስገባሁ ቁጥር የማብራራው ይሄንኑ ነው። ሰርቨሩም ሜሞሪና ዲስክ ይበላል፣ በተለይ ትልልቅ ሩም ውስጥ ከገባችሁ።

ኤክስኤምፒፒ ከወሬ ፕሮቶኮሎቹ ሽማግሌው ነው፣ በ1999 ጃበር ተብሎ የተጀመረ፣ ቀላል፣ በትንሽ ማሽን የሚሄድ፣ ለዓመታት ምንም ሳይል የሚሰራ። አፖቹ ግን እኩል አይደሉም፣ አንዱ ላይ ያለው ፊቸር ሌላው ላይ የለም። ከታሪኩ ግን አንድ ነገር ያዙ። ጉግል ቶክ (የጉግል ቻት) በሱ ይሰራ ነበር፣ ለሌሎች ሰርቨሮችም ክፍት ነበር፣ ሰው ሁሉ እሱ ጋር ከተሰበሰበ በኋላ በ2013 ጉግል ሃንግአውትስን ሲያመጣ በሩን ዘጋው፣ ትንንሽ ሰርቨር ላይ የነበሩት ወዳጆቻቸውን ቀስ በቀስ አጡ። አንድ ትልቅ ድርጅት ክፍት ፕሮቶኮል ሲቀላቀል ደስ የሚለኝን ያህል የምሰጋውም ለዚህ ነው።

ሲግናል ያልተማከለ አይደለም፣ አንድ ድርጅት ነው የሚያስኬደው፣ ለትርፍ የማይሰራ ቢሆንም። ግን ፍርሃታችሁ ወሬያችን እንዳይነበብ ከሆነ ከሁሉም የምመክረው እሱን ነው። መዘጋት ሌላ ችግር ነው መሰማት ሌላ ችግር ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

የራስ ዶሜይንና የራስ ሳይት

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ አድርጉት የምለው እሱን ነው። የራሳችሁ ዶሜይን፣ ላዩ ላይ ቀላል ሳይት፣ አርኤስኤስ (አዲስ ጽሁፍ ሲወጣ ለአንባቢው አፕ የሚያሳውቅ ፋይል) የሚወጣበት፣ ከጎኑ የኢሜይል ሊስት። ሳይቱን የያዘው ሆስት ቢጣላችሁ ፋይሉን ሌላ ቦታ ጭናችሁ የዲኤንኤስ መስመሩን ትቀይራላችሁ፣ አድራሻው ያው ነው፣ አንባቢው ምንም አያውቅም። ከ2015 ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የደህንነት ሰርተፊኬት በነጻ ስለሚሰጥ ያም ወጪ የለም። የአርኤስኤስ ማንበቢያው ጉግል ሪደር በ2013 ሲዘጋ አርኤስኤስ ሞተ ብለው ነበር፣ አልሞተም፣ ፖድካስት የምትሰሙት እስከ ዛሬ በሱ ነው። ዶሜይንም ቢሆን ኪራይ ነው፣ በየዓመቱ ካልታደሰ ይሄዳል፣ ግን አከራዩን መቀየር የምትችሉበት ኪራይ ነው።

ሰው ከሌለበት ሳይት ከፍቼ ማን ያነበኛል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ብቻውን አይበቃም፣ ለዛ ነው ማስቶዶንም ብሉስካይም የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ሳይታችሁ ላይ ጻፉት፣ ከዛ ሊንኩን በየቦታው በትኑት። አንዱ ቦታ ቢዘጋባችሁ የተዘጋው የበተናችሁበት እንጂ የጻፋችሁበት አይደለም። የኢሜይል ሰርቨር ግን ራሳችሁ ለመትከል አትሞክሩ፣ ትልልቆቹ ከማያውቁት አድራሻ የመጣውን ወደ ስፓም ስለሚወረውሩት በደንብ የተሰራ እንኳ አይደርስም፣ በራሳችሁ ዶሜይን ስም ሆኖ ለሌላ አቅራቢ ስጡት።

አይፒኤፍኤስ፣ ፒርትዩብ፣ ሜሽ

በአጭሩ። አይፒኤፍኤስ በ2015 የወጣ የፋይል መቀባበያ ኔትወርክ ነው፣ ፋይልን ባለበት ቦታ ሳይሆን ከይዘቱ በሚሰላ ኮድ (ሃሽ) ይጠራዋል፣ ስለዚ አንድ ፊደል ብትነኩ አድራሻው ይቀየራል፣ ማንም ደብቆ ሊያስተካክለው አይችልም። ሰው ግን "አይፒኤፍኤስ ላይ ያስቀመጥኩት ለዘላለም ይኖራል" ይላል፣ ስህተት ነው፣ ፒን አድርጎ የሚይዘው ማሽን ከሌለ ይጠፋል። ለአርካይቭ ጥሩ ነው፣ ለወሬ አይሆንም። ፒርትዩብን የሚሰራው ፍራማሶፍት የሚባል የፈረንሳይ ማኅበር ነው፣ ተመልካቾቹ ቪዲዮውን እርስ በርስ ስለሚቀባበሉ ሰርቨሩን ያቀለዋል፣ ያም ሆኖ ቪዲዮ ዲስክ ስለሚጨርስ ከማኅበር ጋር ሆናችሁ ካልሆነ በስተቀር ከባድ ነው።

ሜሽ ደግሞ ገመዱንና ሞገዱንም የራስ ማድረግ ነው። በካታሎኒያ ጊፊ ኔት የሚባለው ከ2004 ጀምሮ ነዋሪዎች ራሳቸው አንቴና እየተከሉ ከ30,000 በላይ ኖድ (የመገናኛ ነጥብ) አድርሰውታል፣ ጀርመን ደግሞ ተመሳሳዩ ፍራይፉንክ አለ። ይሄ አፕ የመምረጥ ጉዳይ አይደለም፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና የሚያቀና ሰው ያስፈልጋል፣ ጎረቤቶቻችሁ ካልተስማሙ አይሆንም።

እና ማን የቱን ይያዝ?

ብቻችሁን የምትጽፉ ከሆነ ዶሜይንና ሳይት፣ ከዛ ብሉስካይ በዛው ዶሜይን ስም፣ ማስቶዶን ላይ ደግሞ ጥሩ አስተዳዳሪ ያለበት ሰርቨር። ሰው ቶሎ የሚመጣው ብሉስካይ ላይ ነው፣ ረጅም ውይይት ያገኘሁት ግን ማስቶዶን ላይ ነው። ግሩፕ ከሆናችሁና አንድ ሰርቨር የሚያስኬድ ሰው ካላችሁ ማትሪክስ፣ ከሌላችሁ ሲግናል። የምትጽፉት የሚያስከስስ ወይ የሚያስዘጋ ከሆነ ኖስተርን ጨምሩ፣ ግን ቁልፉን ከስልኩ ውጪ ካስቀመጣችሁ በኋላ። አሮጌውን አካውንት ወዲያው አትዝጉት፣ ቢያንስ ለግማሽ ዓመት አዲሱን አድራሻ ላዩ ላይ ለጥፋችሁ ተዉት፣ ሰው አንዴ አይንቀሳቀስም፣ ሁለት ሦስት እያለ ነው የሚመጣው።

ሰርቨር ለመትከል የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ለብቻችሁ አትግቡበት። እኔና አብሮኝ የሚያስተዳድረው ሰው የደረስንበት ይሄ ነው፦ ፓስወርዶቹን ሁለታችንም እናውቃቸዋለን፣ ባክአፑ ከሰርቨሩ ውጪ ሌላ አቅራቢ ጋር ይቀመጣል፣ በየሦስት ወሩ ከባክአፑ አዲስ ማሽን ላይ አስነስተን እንደሚሰራ እናያለን፣ ዶሜይኑ የሚታደስበት ቀን በሁለታችንም ካላንደር ላይ አለ፣ የአባላቱ ስምና ሌላ መገናኛቸው ደግሞ፣ ፈቃደኛ የሆኑት ብቻ፣ ወረቀት ላይ ታትሞ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።